ያረጀው ውሻችን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ እየነቃ ቤቱን ሁሉ ያስነሣል፤ ምን ማድረግ ይቻላል?

ጥያቄ፦ መምህር ከጠባሴ፣ ደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ጠባሴ በሚባለው ሰፈር የምኖር መምህር ነኝ። ምክር የምጠይቀው መከታ ስለምንለው ውሻችን ነው። መከታ የአገር ውሻ ነው፤ ወደ ግቢያችን የመጣው የመጀመሪያዋ ልጄ በተወለደችበት ዓመት ስለሆነ ዕድሜው አይጠፋኝም፤ አሁን 13ኛ ዓመቱን ይዟል። የእብደት በሽታ ክትባቱን በየዓመቱ አስከትበዋለሁ፤ ወረቀቱም በእጄ ነው።

የቀድሞ ጠባዩን ካልነገርኳችሁ የተለወጠው ነገር ምን እንደሆነ አይገባችሁም። መከታ ሌሊት ጠባቂ ነበር። ከበሬሳ ወንዝ በኩል ጅብ የመጣ እንደሆነ ወይም እንግዳ ኮቴ የሰማ እንደሆነ ይጮኻል፤ ከዚያ ውጭ መኖሩም አይታወቅም ነበር። አሁን ግን ገና ከምሽቱ 1 ሰዓት በረንዳው ላይ ካለው ሳጥኑ ገብቶ ድብን ያለ እንቅልፍ ይተኛል፤ ጅቡ ቢያልፍም ላይሰማው ይችላል። ከዚያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ይነቃል። ሲነቃ አይጮኽም፤ ያላዝናል፤ በሩንም ይቧጭራል። መጀመሪያ በሲሚንቶው ላይ የጥፍሩ ኮቴ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማኛል፤ ቀጥሎ ትንሽ ጸጥታ ይሆናል፤ ከዚያ መቧጨሩ ይጀመራል። ይህ ሁሉ የመጣው ካለፈው ኅዳር መጨረሻ ወዲህ ነው።

ዝም ለማሰኘት ተነሥቼ የድፎ ዳቦ ቁራሽ እጥልለታለሁ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ጸጥ ይልና እንደገና ይጀምራል። አንድ ነገር ግን አልገባኝም፤ እናቴ ሰዓታት ለማድረስ ወደ ቤተ ክርስቲያን በምትሄድባቸው ሌሊቶች ብዙ አያስቸግርም፤ ብርዱ ጠንቶባት በምትቀርባቸው ሌሊቶች ግን ይብስበታል። ግቢያችን ውስጥ የሚኖረው ተከራያችን ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የሚሠራ ወጣት ነው፤ ጨዋ ስለሆነ በግልጽ አልተቆጣም፤ ሆኖም ባለፈው ሳምንት «ጋሼ፣ ውሻው ታሞ ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ምን ሊል እንደፈለገ ገባኝ።

ሌላ ያስተዋልኩትን ልጨምር። ከተኛበት ሲነሣ የኋላ እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ጥቂት እርምጃ ከሄደ በኋላ ይስተካከላል። ውሃ የሚጠጣው ከወትሮው የበዛ ይመስለኛል። ሁለት ጊዜ ያህል ደግሞ በማገዶው ክምርና በግድግዳው መካከል ገብቶ፣ ወደ ኋላ መመለስ የጠፋው ይመስል ግድግዳውን እያየ ቆሞ አግኝቼዋለሁ።

ወደ ቤት አስገብተን እንዳናሳድረው እናቴ ጠበልና የጸሎት መጻሕፍት ያሉበት ቤት ውሻ አይገባበትም ብላለች፤ በዚህ ነገር ከእርሷ ጋር አልከራከርም። አንድ ጎረቤት ከፋርማሲ የሰው የሕመም ማስታገሻ ወይም የእንቅልፍ ኪኒን ግማሹን ሰብሬ በሥጋ ጠቅልዬ እንድሰጠው መከረኝ። ሌላው ደግሞ «አርጅቷል፤ አስወግደው» አለኝ፤ ይህን ምክር መልስ አልሰጠሁበትም። ይህ ነገር የገጠማችሁ ካላችሁ ምን እንዳደረጋችሁ ብትነግሩኝ ውለታ ነው።

ምላሽ፦ ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን የተዛወረ

መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ። የእርስዎን ጽሑፍ ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ መሰለኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ሥራ ተዛውሬ ከሸዋ ሮቢት ስመጣ 11 ዓመት የሞላትን ውሻዬን በጭነት መኪናው ላይ ከዕቃዬ ጋር ይዣት መጣሁ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ቆላ ነው፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ያቺ አሮጊት ውሻ ጣርማ በርን ባለፈችበት በአንድ ከሰዓት በኋላ 1,500 ሜትር ያህል ወደ ላይ ወጣች ማለት ነው። በሁለተኛው ሳምንት ልክ እንደ መከታ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ እየተነሣች ታለቅስ ጀመር። እኔ አገሩ አዲስ ሆኖባት ነው ብዬ ታገሥኩ፤ ስሕተቴም ያ ነበር።

አንድ ሌሊት ተነሥቼ ከተኛችበት ቦታ ላይ እጄን አሳረፍኩ። ሲሚንቶው ለመዳፌ እንኳ የሚያስጨንቅ ቅዝቃዜ ነበረው፤ ከሥሯ ያነጠፍኩላት ብርድ ልብስም ከትንፋሿና ከጤዛው የተነሣ ረጥቦ ነበር። እዚህ አገር በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሲያድር ምድሩ የቀን ሙቀቱን ሌሊቱን ሙሉ ሲያጣ ያድራል፤ ከሁሉ የሚከፋው ብርድ የሚመጣውም ልክ ሊነጋ ሲል ነው። ጠዋት ሣሩ ላይ የምናየው ውርጭ የሚጥለው በዚያው ሰዓት ነው። ለደህና ውሻ ይህ ምንም ላይሆን ይችላል፤ መገጣጠሚያው ለታመመ ሽማግሌ ውሻ ግን ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ነገር ነው።

ያደረግኩት ቀላል ነበር። በአራት ብሎኬት ላይ የእንጨት ርብራብ አኑሬ ሳጥኗን ከመሬት አንድ ክንድ ያህል አነሣሁት። ሳጥኑን አሳነስኩት፤ ተጠቅልላ ስትተኛ ብቻ የምትበቃበት እንዲሆን፤ ሰፊ ቤት በገዛ ገላዋ ሙቀት ሊሞቅላት አይችልምና። አፉን ነፋስ ከሚመጣበት አዙሬ ግማሹን በጆንያ ጋረድኩት፤ ውስጡን በብርድ ልብስ ፈንታ አንድ ስንዝር ተኩል ውፍረት ባለው የስንዴ ገለባ ሞላሁት። ገለባ እርጥበት አይዝም፤ ገብታ ስትጠቀለልበትም ዙሪያዋን ይከባታል። በጣም ሲበርድ በሃይላንድ ፕላስቲክ ለብ ያለ ውሃ ሞልቼ በጨርቅ ጠቅልዬ ከጎኗ አደርግላት ነበር፤ የፈላ ውሃ ግን አያድርጉ፤ ያቃጥላል፤ ፕላስቲኩም ይጨማደዳል። ከመሬት ሲነሣ መውጫና መውረጃ የሚሆን ዝቅ ያለ መረማመጃ ማድረጉን ደግሞ አይርሱ፤ የእኔዋ የመጀመሪያውን ቀን ዘልላ ለመውጣት ስትል ወድቃለች።

አንድ ነገር ልጨምር። የውጭ አገር ሰዎች ስለዚህ ጉዳይ የጻፉትን ያነበበ ሰው በበጋ ቶሎ ስለሚነጋ የመስኮት መጋረጃ አጥቁሩ የሚል ምክር ያገኛል። ያ ለእነርሱ አገር ልክ ነው። እዚህ ግን ፀሐይ የምትወጣበት ሰዓት ዓመቱን ሙሉ የሚለዋወጠው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ነው፤ መከታም የሚነቃው ጨለማው ገና ሳይገፈፍ ስለሆነ በዚህ በኩል ባይደክሙ ይሻላል።

ምላሽ፦ ከደብረ ሲና

መምህር ሆይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ነገሩን ያበላሹት ራስዎ ነዎት። ውሻ በሩን ሲቧጭር ተነሥቶ ዳቦ የሰጠ ሰው ውሻውን መቧጨር አስተምሮታል። እኔ በዚሁ ተቸግሬ ሦስት ሳምንት ጆሮዬን ደፍኜ ተኛሁ፤ አለቀ። ሽማግሌም ቢሆን ውሻ ውሻ ነው፤ ጥቅሙ የት እንዳለ አይስትም።

ምላሽ፦ የእንስሳት ሐኪም፣ ሰሜን ሸዋ

ለመምህሩ፤ ጥያቄዎ ብዙ ባለ ውሻ ከሚያቀርበው የተሟላ በመሆኑ መልስ ለመስጠት አያስቸግርም። ከደብረ ሲና የጻፉት ወንድሜ ስለ ዳቦው ያሉት እውነት ነው፤ ነገር ግን ዳቦው የተጀመረው ውሻው ከነቃ በኋላ እንጂ ከመንቃቱ በፊት አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ምን ቀሰቀሰው የሚለው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጸጥ ብሎ የኖረ ውሻ በ13 ዓመቱ ባሕርዩን ሲለውጥ ልማድ ነው ብሎ ማለፍ ተገቢ አይደለም፤ ሽንቱ አጣድፎት በሩን የሚቧጭርን ውሻ ጆሮ ደፍኖ ማሳለፍ ደግሞ ውሻውን ማሠቃየት ነው።

እኔ ብሆን የምጀምረው ከውሃው ነው። «የበዛ ይመስለኛል» ብለዋል፤ ይለኩት። ጠዋት በታወቀ መጠን ውሃ ቀድተው ያስቀምጡ፤ ሌላ ውሃ የሚያገኝበትን ዕቃ ሁሉ ይክደኑ፤ በማግስቱ በዚያው ሰዓት የተረፈውን ይለኩና ከቀዱት ይቀንሱ። ይህን ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይደጋግሙት። ክብደቱንም ይወቁ። አንድ ውሻ በ24 ሰዓት ውስጥ ለያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሚጠጣ ከሆነ ያ ከልክ ያለፈ ነውና ከጀርባው የኩላሊት ድካም፣ የስኳር በሽታ ወይም ሌላ የውስጥ ሕመም መኖር አለመኖሩ መመርመር አለበት። ኩላሊት ሲያረጅ ሽንትን የማወፈር ኃይሉን ያጣል፤ ሽንቱ እየቀጠነና እየበዛ ስለሚሄድ ፊኛው እስኪነጋ አይታገሥለትም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ማታ ማታ ውሃ ይከለክላል፤ ይህን ፈጽሞ አያድርጉ። ውሻው የሚጠጣው ሽንቱ ስለሚወጣበት ነውና ቢከለከል ሰውነቱ ይደርቃል። ይልቁንም እርስዎ ከመተኛትዎ በፊት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ ቢተኛም ቀስቅሰው ከሳጥኑ አውጥተው ያሸኑት። የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽንት በንጹሕ ዕቃ ተቀብለው ሳይውል ሳያድር ወደ ክሊኒክ ቢወስዱት ብዙ ነገር ይነግረናል። በኛ ክሊኒኮች አብዛኛው ሥራ የበግና የከብት ነው፤ ውሻ ይዘው ሲመጡ አንዳንዱ ሰው ቢስቅ አይፈሩ።

ሲነሣ እግሮቹ መንቀጥቀጣቸውና ጥቂት ሲሄድ መስተካከላቸው የመገጣጠሚያ ሕመም ዓይነተኛ ምልክት ነው። ከሸዋ ሮቢት የመጡት ወንድም ስለ መኝታው የጻፉትን እንዳለ ይውሰዱት። የጎረቤትዎን ምክር ግን አደራ፣ አይሞክሩት። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ለእኛ የታወቁ ማስታገሻዎች ቢሆኑም የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፤ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ፤ ኩላሊቱ ቀድሞ የደከመ ከሆነ ደግሞ አንድ ኪኒን እንኳ ብዙ ነው። ፓራሲታሞልም ቢሆን ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል በግምት የሚሰጥ አይደለም። ለውሻ የሚታዘዙ እንደ ካርፕሮፌንና ሜሎክሲካም ያሉ መድኃኒቶች አሉ፤ እነዚህም በክብደት ተለክተው፣ ኩላሊቱ ከታየ በኋላ የሚሰጡ ናቸው። የሰው የእንቅልፍ ኪኒን ደግሞ እግሩ የሚከዳውንና ግራ የሚጋባውን ሽማግሌ ውሻ ጭራሽ ሚዛኑን አስቶ ሊጥለው ይችላል።

ከጻፉት ሁሉ ያሳሰበኝ በማገዶው ክምርና በግድግዳው መካከል መቆሙ ነው። ውሾችም እንደ ሰው አንጎላቸው ያረጃል። መውጫው ይጠፋቸዋል፤ የሚያውቁትን ሰው እንደማያውቁት ሆነው ያያሉ፤ ቀን ተኝተው ሌሊት ይንከራተታሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 በአሜሪካ የታተመ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ጥናት፣ ከ11 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው ውሾች 28 በመቶው፣ ከ15 እስከ 16 ዓመት ከሆናቸው ደግሞ 68 በመቶው ከእነዚህ ምልክቶች ቢያንስ አንዱ እንደታየባቸው አግኝቷል። ስለዚህ መከታ ብቻውን አይደለም። ለዚህ የሚጠቅመው ቀኑን ከሌሊቱ መለየት ነው፤ ቀን ፀሐይ ላይ ያውጡት፤ ከሰዓት በኋላ ሲያንቀላፋ ቀስቅሰው በዝግታ ያራምዱት፤ ምግቡን በአንድ የታወቀ ሰዓት ይስጡት፤ ሳጥኑንና የውሃ ዕቃውን ከቦታቸው አያንቀሳቅሱ፤ በረንዳው ላይ ደብዘዝ ያለ መብራት ይተዉለት። ዐይኑ የደከመ ውሻ በድቅድቅ ጨለማ ሲነቃ ይፈራል።

ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ቃል፤ የውሻ ጠባይ መለወጥ ሲነሣ ስለ እብደት በሽታ አለማንሣት አይቻልም። እብደት ምልክቱ ከታየ በኋላ በቀናት ውስጥ እየከፋ ሄዶ ይገድላል እንጂ እንደ መከታ ለሳምንታት እየበላና እየጠጣ አይቆይም። ሆኖም ያልተከተበ ውሻ በድንገት ጠባዩ ከተለወጠ ማንም ሰው እጁን ወደ አፉ አያስጠጋ።

ምላሽ፦ የመሐል ሜዳዋ እናት

ልጄ፣ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ስማ፤ የተማረ ሰው ነውና አልቃወመውም። እኔ ግን ከጻፍከው ውስጥ ሁለት ነገር አየሁ።

ውሻው የተለወጠው ከኅዳር መጨረሻ ወዲህ ነው ብለሃል። የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 አይደለምን? ከጾሙ በፊት ያ ውሻ የሚበላው ምን ነበር? አጥንት፣ የሥጋ ቅንጥብጣቢ፣ ወተት የነካው ፍርፋሪ። ከጾሙ ወዲህስ? ሽሮ የለወሰው እንጀራ፣ የምስር ወጥ ጥራጊ። እኛ ብንጾም እርሱ አልተሳለም። እንጀራው ሆዱን ይሞላዋል እንጂ ሌሊቱን አያዘልቀውም፤ የወጡ ጨው ደግሞ ውሃ ያስጠጣዋል፤ የጠጣው ውሃ ሌሊት መውጣት አለበት። እኔ በመንዝ ብርድ ከሰባት የማያንሱ ውሾች ከበግ ጋር አሳድጌአለሁ፤ በጾም ወራት ሌሊት የማያላዝን ውሻ ያየሁት ገብስ በአጓት ለውሼ የማበላው ብቻ ነው። ለውሻው ስትል እንቁላል ብትቀቅልለት ጾምህን አይሽርብህም።

ሁለተኛው፣ እናትህ ሰዓታት በምትሄድበት ሌሊት ዝም ይላል፤ በምትቀርበት ሌሊት ይብስበታል ብለሃል። ልጄ፣ ይህን እኛን ከምትጠይቅ ለምን እናትህን አትጠይቃትም? ውሻ በበላበት ይጮኻል።

ስለ መኝታው፣ ገለባው መልካም ነው። ብርድ ልብስ ይረጥባል የተባለው ግን የፋብሪካውን ከሆነ ነው፤ ከበግ ጠጉር የተሠራ አሮጌ ባና ከገለባው በላይ ጣል ብታደርግለት እንደማይከፋው እኔ እመሰክራለሁ።

ምላሽ፦ የእንስሳት ሐኪም፣ ሰሜን ሸዋ

እናታችን የኔን ዐይን ያመለጠውን አይተዋል፤ ጾሙን ከቀኑ ጋር አላያያዝኩትም ነበር። ለውሻ ወጥ እንዳይሰጥ የሚያደርግ ሌላም ምክንያት አለና ልጨምር። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ጥሬም ሆኑ የበሰሉ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራሉ። ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት የበላ ውሻ በደሙ ላይ ለውጥ ሊታይበት ይችላል፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ቢበላም ጉዳቱ ይደራረባል። የኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። እንጀራውን ያለ ወጥ፣ ከተቀቀለ እንቁላል ወይም ጨው ከሌለው የሥጋ መረቅ ጋር ይስጡት። የተቀቀለ አጥንት ግን አይስጡት፤ ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል።

ምላሽ፦ መምህር ከጠባሴ፣ ደብረ ብርሃን

ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልስ ለመጻፍ የዘገየሁት የተባለውን አድርጌ ውጤቱን ይዤ ለመምጣት ብዬ ነው፤ አሁን ጥምቀት አልፏል።

በመጀመሪያ መከታን ይዤ ወደ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ባለ ወፍጮው በእህል ሚዛኑ ላይ ውሻ ለመመዘን ፈቃደኛ አልነበረም፤ ላስቲክ አንጥፌበት፣ እኔም ሚዛኑን እንደማጥብ ቃል ገብቼ 24 ኪሎ መሆኑን ዐወቅሁ። ውሃውን በሃይላንድ እየለካሁ ሦስት ቀን መዘገብኩ፤ በቀን በአማካይ 1.9 ሊትር ይጠጣ ነበር። ሐኪሙ በሰጡት ስሌት የእርሱ ወሰን 2.4 ሊትር ስለሆነ አላለፈም፤ ቢሆንም ቅርብ ነው። ከዚያ በመሐል ሜዳዋ እናት ምክር ወጡን አቋርጬ እንቁላልና መረቅ ጀመርኩ፤ በአምስተኛው ቀን የሚጠጣው ወደ 1.2 ሊትር ወረደ። ሽንቱ ተመርምሮ ስኳር አልተገኘበትም። ክሊኒኩ ውስጥ በግ ይዘው ተራ የሚጠብቁ ሁለት ገበሬዎች በእውነትም ሳቁ፤ ቀጥሎ ግን አንዱ የራሱ ውሻ እንዲሁ እንደሚያደርገው አጫወተኝ።

ሳጥኑን በብሎኬት ላይ አነሣሁት፤ ከተረፈ የበር ሳንቃ መረማመጃ ሠራሁለት። መጀመሪያ ሁለት ሌሊት አልገባም ብሎ መረማመጃው አጠገብ መሬት ላይ ተኛ። በሦስተኛው ገለባው ላይ የአሮጌ ጋቢዬን ቁራጭ ጣል ሳደርግበት አሽትቶ ገባ። ለሕመሙ በክብደቱ ተለክቶ የታዘዘለትን ማስታገሻ እየወሰደ ነው፤ ሲነሣ መንቀጥቀጡ አልጠፋም፤ አሁን ግን ሁለት ሦስት እርምጃ ሄዶ ይስተካከላል።

አሁን ወደ እናቴ ልምጣ። የመሐል ሜዳዋን እናት ምክር ተቀብዬ አንድ ማታ ቡና ሲፈላ እንደ ቀልድ ጠየቅኋት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ በጨለማ እስከ በር ድረስ የሚሸኘኝ እርሱ አይደል?» አለችኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ በጾሙ ወራት ሰዓታት ለማድረስ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከሩብ ላይ በጓሮው በር ስትወጣ መከታ ተነሥቶ እስከ ግቢው በር ይሸኛታል፤ እርሷም ከነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የያዘችውን ዳቦ ትሰጠዋለች። በማትሄድባቸው ሌሊቶች ደግሞ እርሱ በሰዓቱ ይጠብቃል፤ በሩ አይከፈትም፤ እኔ እስክነሣ ይቧጭራል። ቤት አይገባም እያለች ከልክላ እርሷው በየሌሊቱ ስትቀሰቅሰው እንደነበር ስትረዳ እኔ ከጠበቅሁት በላይ አዘነች። በማግስቱ አሮጌ ባናዋን ከሳጥን አውጥታ ሰጠችኝ፤ ደጃፉን አልፎ እንዳይገባ ግን ደግማ አስጠነቀቀችኝ።

ዳቦውን ከሌሊቱ ወደ ንጋቱ ለማዛወር ተስማማን፤ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ 12 ሰዓት ላይ፣ እርሷው በእጇ ትሰጠዋለች። ከደብረ ሲና የጻፉልኝ ወንድም ልክ ነበሩ፤ የመጀመሪያዎቹ አራት ሌሊቶች ግን ከቀድሞው የባሱ ነበሩ። በተለይ በሁለተኛው ሌሊት በሩን የቧጨረበት ድምፅ ሳንቃውን የሚበሳው መስሎኝ ነበር። ተከራያችንን አስቀድሜ ለምኜው ስለነበር ታገሠኝ፤ በሦስተኛው ቀን ጠዋት «ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ረዘም አለ» ብቻ አለኝ። ከሳምንት በኋላ ጋብ አለ።

የገና ጾም በመካከሉ ስለተፈታ ከእነዚህ ነገሮች ውስጥ የትኛው ይበልጥ እንደጠቀመ መለየት አልቻልኩም፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ አየዋለሁ። የደሙ ምርመራ ይቀራል። በማገዶው ክምር በኩል ያለውን ክፍተት በሳንቃ ዘጋሁት፤ ቢሆንም ባለፈው እሑድ በሌላኛው ጥግ ግድግዳውን እያየ ቆሞ አገኘሁት፤ ስሙን ስጠራው ወዲያው አልዞረም።

ትናንት ሌሊት የነቃው 10 ሰዓት ከ50 ላይ ነው። የጥፍሩን ኮቴ ሰማሁ፤ በሩ ድረስ መጣ፤ ቆመ፤ ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ ገለባው ሲንኮሻኮሽ ተሰማኝ።